ካባው ሲያርፍ ጉድጓዱ ሲነሳ፦ ከባሕር ዳር እስከ ርብ የውሃ ልኬት ጉዞ

ኅዳር 9፣ ባሕር ዳር

ከጉዞ በፊት ያለው ቀን የጠርሙስ ቀን ነው። የሥራው ግማሽ እዚህ ያልቃል ብል አላጋነንኩም።

አብረውኝ የሚወጡት ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ናቸው፤ ገና ወጣቶች። በቅርቡ ምዕራብ ወዳለ የወርቅ ማዕድን ይሄዳሉ፣ የውሃ ክትትል ሊሠሩ። ከመሄዳቸው በፊት እጃቸውን እንዲያፍታቱ ነው ጣና ዙሪያ የምንዞረው።

"ካባ ላይ ሄደን ስለ ወርቅ ማዕድን ምን እንማራለን?" አለኝ አንዱ፣ ቅር ብሎት።

ልክ ነው፣ ሐይቁ ዳር ትልቅ የወርቅ ማዕድን የለም። ያለን የድንጋይ ካባ፣ የገረጋንቲ ማውጫና አሸዋ የሚዛቅባቸው ወንዞች ናቸው። አለካኩ ግን ያው ነው። ከማውጫው በላይ ትለካለህ፣ ከታች ትለካለህ፣ ዙሪያውን ያሉ ጉድጓዶችን ትለካለህ። ከሁሉም በፊት ደግሞ ቁፋሮው ሳይጀመር ትለካለህ። የምትዘለለው ይህቺ ናት። ሕጉስ አለ፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክቱ ሳይጀመር ጉዳቱ ይጠና ይላል። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ሰነዶች ላይ ግን ውሃው የተለካው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ለአጥኚው መኪና በተገኘበት ወር። ክረምት ይሁን በጋ ደንታ የለም።

ወደ ጠርሙሶቹ። የብረት ማዕድናት የሚለኩበት ናሙና ሜዳ ላይ በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ይጣራል። ከዚያ ናይትሪክ አሲድ ጠብ ይደረግበትና ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ2 በታች ይወርዳል። አለበለዚያ ብረቱ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀርና ላብራቶሪው ንጹሕ ነው ይልሃል። የሳያናይድ (ወርቁን ከድንጋዩ ለመለየት የሚውለው መርዝ) ናሙና ደግሞ ተቃራኒውን ይፈልጋል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ተጨምሮበት ፒኤቹ ከ12 በላይ መሆን አለበት። ሁለቱን ያምታታ ሰው ጉድ ፈላበት። አሲድ የገባበት ሳያናይድ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ናሙናው ይጠፋል፣ ጋዙን የሳበው ሰውም አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ክዳኖቹን በቀለም ለየናቸው፦ ቀይ ለአሲድ፣ ሰማያዊ ለሳያናይድ። በዚህ ጉዞ ሳያናይድ አንለካም፤ ልጆቹ ግን እጃቸው እንዲለምድ ባዶውን ጠርሙስ ይዘው ይዞራሉ።

ማታ ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ቆሮሶ በዳጣ በላን። ዓሣ እየበሉ ስለ ባያ ማሬ ማውራት ደስ አይልም፤ እኔ ግን አወራሁ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2000 ሩማንያ ውስጥ ባያ ማሬ ከተማ አጠገብ የአንድ የወርቅ ማምረቻ የዝቃጭ ግድብ ተደረመሰ። 100,000 ሜትር ኩብ ያህል ሳያናይድ ያለበት ውሃ ወንዝ ገባ፤ ወደ ቲሳ፣ ከቲሳ ወደ ዳኑብ። ሃንጋሪ ውስጥ ከ1,000 ቶን በላይ ዓሣ አለቀ። ከዚህ ሁሉ መሃል ልጆቹ እንዲይዙት የፈለግሁት አንድ ነገር ነው። በየወንዙ ናሙና የሚወስዱ ሰዎች ስለነበሩ መርዙ የት እንደደረሰ ይታወቅ ነበር። ከታች ያሉ ከተሞች ቀድመው ሰምተው የውሃ መሳቢያቸውን ዘጉ።

"ጣና ላይ ቢሆንስ?" አለች ልጅቷ። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በጣም ጠለቀ በተባለበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ብቻ። መልስ አልሰጠኋትም። ራሷ እያሰላች ነበር።

ኅዳር 10፣ ካባው

ጠዋት 1 ሰዓት ተነሳን። ሾፌራችን ጋሼ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሌሊቱን ደውሎ አጣርቷል። ካባው ከከተማው ብዙም አይርቅም። ስሙን እዚህ አላነሳውም።

ዘበኛው በር ላይ አቆመን። ደብዳቤ አሳየነው። ገልብጦ ማኅተሙን ፈለገ፣ አገኘው፣ አሁንም አላመነም። አለቃው በስልክ "አስገባቸው፣ ፎቶ ግን እንዳያነሱ" እስኪል ድረስ ፀሐይ ላይ ቆምን።

ገብተን ያየነው ይህ ነው። ጥቁር ባዛልት ተቆፍሮ ተቆፍሮ ወለሉ ከከርሰ ምድር ውሃው በታች ወርዷል። ግርጌው ላይ ውሃ ያቁራል። በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ይስበውና ወደ ቦይ ይለቀዋል። ቦዩ ወደ አንዲት ትንሽ ወንዝ ይገባል። ማዶ ላይ ክሬሸሩ ጠጠር ይፈጫል፣ ሲኖትራኮቹ ይጭናሉ። አቧራው አይነሳ!

ባሕር ዳር የተቀመጠችው በጂኦሎጂ ዕድሜ ወጣት በሆነ ባዛልት ላይ ነው። ድንጋዩ የተሰነጣጠቀና ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ ውሃ በደንብ ያሳልፋል። የከተማው ሰው ለረጅም ዘመን የጠጣው የአረቄና የሎሚ ምንጮችም የዚሁ ድንጋይ ስጦታ ናቸው። ጣጣው ውሃውን በቀላሉ የሚያሳልፍ ድንጋይ ቆሻሻውንም በቀላሉ ማሳለፉ ነው። ሞተር አንድ ቦታ ላይ ሲስብም ጉዳቱ እዚያው አይቀርም። የውሃው ወለል ዙሪያውን እንደ ሙቀጫ ሆድ ወደ መሃል ይጎደጉዳል። በዚያ ክልል ያለ ጉድጓድ ሁሉ አብሮ ይወርዳል።

ናሙናውን ከታች ጀመርን። ወንዝ ላይ ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ከላይ ብትጀምር ራስህ ያደፈረስከውን ነው ታች ወርደህ የምትቀዳው። ፊትህን ውሃው ወደ መጣበት አቅጣጫ አዙረህ ትቆማለህ። ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ታለቀልቃለህ፤ አሲድ የገባበትን ግን አታለቀልቅም። ፒኤች፣ ሙቀት፣ ኮንዳክቲቪቲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ) እና ድፍርስነት እዚያው ይለካሉ፣ ቀሪው አይስ ቦክስ ውስጥ ይገባል።

ካባ ላይ በተለይ የምንፈልገው ናይትሬት ነው። ድንጋይ የሚፈነዳበት ፈንጂ በአብዛኛው ከአሞኒየም ናይትሬት ነው የሚሠራው። ሳይፈነዳ የቀረው በውሃ ይሟሟል። ችግሩ ናይትሬት ከማዳበሪያም ይመጣል፣ ከሽንት ቤትም ይመጣል። እዚህ አገር ሁለቱም አሉ። ከካባው በላይ ያለውን ሳትለካ ከታች ያገኘኸውን ቁጥር ይዘህ ሰው ብትከስ ያሳፍርሃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው።

ከሰዓት ወደ ጉድጓዶቹ ሄድን። የከርሰ ምድር ውሃ ወዴት እንደሚፈስ ለማወቅ ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ በአንድ መስመር ያልተደረደሩ። የትምህርት ቤቱ የእጅ ፓምፕ አንዱ ሆነ። ቧንቧው ውስጥ ቆሞ የከረመው ውሃ ወጥቶ እስኪያልቅ፣ ኮንዳክቲቪቲው አንድ ቦታ እስኪረጋ መሳብ አለበት። ተማሪዎቹ ተሯሩጠው መጡና በየተራ ፓምፑን ያዙ። ልጆቼ ላባቸው ሳይወጣ ሥራው አለቀ።

ሌላው የአንዲት እናት ጉድጓድ ነበር፣ በእጅ የተቆፈረ፣ ከካባው አጥር ጎን። እማማ ቡና እያፈሉ ነበር።

"ግቡ እንጂ! ደጅ ቆሞ ውሃ ይለካል እንዴ?"

ተቀመጥን። ጉድጓዱ ምን ይመስላል ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ሞተሩ ሲነሳ ጉድጓዴ ይኮርፋል፣ ልጄ። ሞተሩ ዝም ሲል ይታረቃል። ለቀበሌ ተናግሬያለሁ፣ ለካባው ሰዎችም ተናግሬያለሁ። 'በጋ ስለሆነ ነው' ይሉኛል።"

በጋ ስለሆነም ሊሆን ይችላል። ኅዳር ላይ ሁሉም ጉድጓድ ይወርዳል፤ እስከ ግንቦት መውረዱን ይቀጥላል። ካባው ከመከፈቱ በፊት የለካው ሰው ስለሌለ እሳቸውም አይረቱ፣ ካባውም አይረታ።

ልጅቷ ግን ገመዱን አየችው። ሁለት ቋጠሮ አለው።

"እማማ፣ ይህን መቼ ቀጠሉት?"

የመጀመሪያውን ካባው ከተከፈተ በኋላ፣ የሁለተኛ ልጃቸው ሰርግ ዓመት። ሌላውን አምና፣ ከፋሲካ በፊት። ከዚያ በፊት ሟቹ ባለቤታቸው የገዙት ገመድ ብቻውን ይበቃ ነበር። ሜትር አውጥተን ሦስቱንም ቁራጭ ለየብቻ ለካን፣ ጻፍነው። ገመድ የሚናገረው ውሃው በጣም የራቀበትን ወር ብቻ ነው፤ የዝናቡን ልዩነትም አይለይም። ቢሆንም ከካባው በፊት ስለነበረው ውሃ በአካባቢው ያገኘነው ብቸኛ ማስረጃ ይህ ነው።

ጉድጓዱ ውስጥ ሎገር አወረድን። ትንሽ የብረት ዘንግ ናት፤ በየ15 ደቂቃው በላይዋ ያለውን ግፊት ትመዘግባለች፤ ከዚያ የውሃው ከፍታ ይሰላል። የአየሩ ግፊትም አብሮ ስለሚገባ ሌላ ሎገር ጣሪያ ሥር ሰቀልን፣ በኋላ እንዲቀነስ። የጉድጓዱን አፍ አንድ ቦታ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረግን። ልኬት ሁልጊዜ ከዚያች ነጥብ ነው።

ሎገሩን ዛሬ ያወረድነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከነገ ወዲያ ኅዳር ሚካኤል ነው። ካባው ይዘጋል፣ ሞተሩም ያርፋል። እንዲህ ያለ ነገር በገንዘብ አታገኘውም፤ የካባ ባለቤት ለምርምር ብለህ ሞተር አጥፋ ብትለው ይስቅብሃል። ሚካኤል ግን ያስጠፋዋል።

"የሚካኤል ዋዜማ ግን ብዙ እቀዳለሁ" አሉ እማማ። "ድግስ አለብኝ።"

ይህም መመዝገብ አለበት። የሚቀዱትን ጀሪካን በከሰል ግድግዳ ላይ እንዲያሰምሩልን ለመንናቸው። ሳቁና እሺ አሉ። 

ኅዳር 11፣ ጉማራ

አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግረን ወደ ጎንደር መንገድ ወጣን። ሐሙሲትን አልፈን ጉማራ ድልድይ ጋ ቆምን።

ጉማራና ርብ ሁለቱም ከጉና ተራራ ይነሳሉ። ከግልገል ዓባይና ከመገጭ ጋር ሆነው ወደ ጣና በወንዝ ከሚገባው ውሃ አብዛኛውን የሚያመጡት እነዚህ አራቱ ናቸው። አሸዋ የሚዛቅበት ቦታ ላይ ወጣት ወንዶች እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በአካፋ ይጭናሉ። ነገ በዓል ስለሆነ ዛሬ ጥድፊያ ነው።

ከጫኞቹ በላይ ውሃው ጥርት ያለ ነው። ከታች ወተት የገባበት ሻይ። ማሽኑም ያንኑ አለ።

ግን ድፍርስነት ብቻውን ግማሽ ወሬ ነው። ምን ያህል ውሃ እየፈሰሰ እንደሆነ ካልታወቀ ስንት ደለል እንዳለፈ አይታወቅም። የፍሰት መለኪያ ፕሮፔለሩን ይዘናል፣ ሆኖም ልጆቹን በብርቱካን አስጀመርኳቸው። ብርቱካን አብዛኛው አካሏ ውሃ ውስጥ ሆና ትንሳፈፋለች፣ ነፋስ አይገፋትም። ርቀት ለክተህ ትለቃታለህ፣ ሰዓት ትይዛለህ። ላይ ላዩ ከታች ካለው ውሃ ስለሚፈጥን ውጤቱን በ0.85 ገደማ ታባዛለህ። ከዚያ በወንዙ ስፋትና ጥልቀት። ፕሮፔለሩም የሰጠን ቁጥር የብርቱካኗ ጎረቤት ነበር። ብርቱካኖቹን ከታች የቆመ ሕፃን እየለቀመ በላቸው፤ እንደገና የሚለካ ነገር ጠፋ።

ማዕድን ላይ ይህ ነገር ሕይወት ነው። ነሐሴ ላይ የሰልፌት (ከማዕድን ድንጋይ ወደ ውሃ የሚገባ ጨው) መጠኑ ዝቅ ይላል፤ ዝናቡ ስላቀጠነው እንጂ ማዕድኑ ስለተሻሻለ አይደለም። መጠኑን በፍሰቱ ያላባዛ ሪፖርት ክረምት በመጣ ቁጥር ድርጅቱን ያመሰግናል።

አንድ አሸዋ ጫኝ መጥቶ ምን እንደምንሠራ ጠየቀ። ነገርነው። "ታዲያ ልታስቆሙን ነው?" አለ። አይደለም አልነው። ያላመነን ይመስለኛል። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አላምንም። ግን እዚህ ወንዝ ላይ አሸዋው ብቻ አይደለም የሚነካው። የጣና ነጭ ዓሣ፣ ከዓለም እዚህ ብቻ የሚገኙ ዝርያዎቹ ጭምር፣ ክረምት ላይ ወደነዚህ ወንዞች ወጥቶ ጠጠር ላይ ነው እንቁላሉን የሚጥለው። ጠጠሩ በደለል ከተሸፈነ እንቁላሉ አየር አያገኝም። የማዕድን ቁጥጥር ቅጽ ላይ "ዓሣ" የሚል ሳጥን ብዙ ጊዜ የለም።

ወረታ አደርን።

ኅዳር 12፣ ፎገራና ርብ

ኅዳር ሲታጠን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ወረታ ጭስ በጭስ። በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። ልማዱ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ይያያዛል። ለሳንባ የሚሆን ነገር አይደለም፣ ለናሙናም አይሆንም። አመድ የገባበት ጠርሙስ ውስጥ ምን እንደምታገኝ አይታወቅም። ስለዚህ በላብራቶሪ የተጣራ ንጹሕ ውሃ የያዘ ጠርሙስ እንደ ናሙና ከፍተን፣ ወደ ሌላ ጠርሙስ ገልብጠን፣ ዘጋነው። እሱ ላይ የሚገኝ ማንኛውም ነገር ከአየሩ ወይም ከእጃችን የመጣ ነው። ልጆቹ ንጹሕ ውሃ መመርመር የገንዘብ ብክነት መስሏቸው ነበር። ጭሱ አስረዳልኝ።

ፎገራ ሩዙ እየታጨደ ነው። ዛሬ ማንም እርሻ ላይ የለም። ያየናቸው ጉድጓዶች ውሃቸው በእጅ ሊደረስበት ትንሽ ነው የቀረው፤ ክረምት ላይ ሜዳው ራሱ ሐይቅ ይሆናል። ርብ ላይ አሸዋ ጫኝ የለም፣ ውሃው ጸጥ ብሏል። የለካነው ቁጥር ለሌላ ቀን ማነጻጸሪያ ይሆናል። ሜዳው ላይ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡ ባለረጅም እግር ወፎች ቆመዋል። የወርቅ ማዕድን ሳያናይድ ኩሬ ክፍት ከሆነና መጠኑ ከፍ ካለ መጀመሪያ የሚሞቱት እንዲህ ያሉ ወፎች ናቸው። ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ የሳያናይድ አያያዝ ደንብ ወፍ በሚደርስበት ክፍት ውሃ ላይ በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ የሚለው።

መኪና ውስጥ ስንመለስ ከልጆቹ አንዱ ፒኤቹ ሁሉም ቦታ ደህና ስለሆነ ለምን እንለካዋለን አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰልፋይድ (ድኝ ከብረት ጋር የተዋሐደበት ማዕድን) ያለው ድንጋይ ከአየርና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይወልዳል። አሲዱ ደግሞ ከድንጋዩ ውስጥ አርሴኒክም ሊሆን ይችላል፣ መዳብም፣ ይዞ ይወጣል። የኛ ባዛልት ሰልፋይዱ ትንሽ ነው፣ አሲድም ያበርዳል፤ የወርቅ ድንጋይ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይደለም። ድንጋዩ አሲዱን የሚያበርድበት አቅም እስኪያልቅ ፒኤቹ ደህና መስሎ ይቆያል። ቀድሞ የሚነሳው ሰልፌቱና ኮንዳክቲቪቲው ነው። ፒኤች እስኪወድቅ የጠበቀ ሰው ዘግይቷል። ጋሼ መሪውን እንደያዘ "እንደ ደም ግፊት በሉታ" አለ። እሱ ያመዋል።

ኅዳር 13፣ ባሕር ዳር

ላብራቶሪ ገባን። ናሙና ማስረከብ፣ ፊርማ፣ የርክክብ ቅጽ፣ እንደገና ፊርማ። ናሙናው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ ካልተጻፈ ክርክር ሲመጣ ዋጋ የለውም። ከዚህ ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ።

ኅዳር 14፣ ወደ ካባው

ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል። እማማ ቅበላ ብለው ዶሮ ሠርተው ጠበቁን። ሳንበላ ሎገር ማውጣት አልተቻለም።

ከበላን በኋላ ኮምፒውተሩን አልጋው ጫፍ ላይ ከፈትን። የአየሩን ግፊት ቀነስን። መስመሩ ወጣ።

ኅዳር 11 ከሰዓት መስመሩ ትናንሽ ጥርስ አለው፤ እማማ ለድግሱ ሲቀዱ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው የከሰል ሰረዝና ጥርሱ ይመሳሰላሉ። ማታ ሞተሩ ጠፋ። ከዚያ ውሃው ቀስ እያለ መነሳት ጀመረ። የሚካኤልን ዕለት ሙሉ ተነሳ፣ አንድ ስንዝር ያህል። ኅዳር 13 ጠዋት ከ2 ሰዓት ጀምሮ ተመልሶ ወረደ። ዘበኛውን ሄደን ጠየቅነው። ሞተሩ ያን ቀን የተነሳው 2 ሰዓት ሲሆን ነው።

በጋ እንዲህ አያደርግም። በጋ በሰዓት አይነሳም፣ በዓልም አያውቅም።

ልጆቹ ሊያጨበጭቡ ምንም አልቀራቸውም። ቀዝቀዝ አደረግኳቸው። ይህ የሚያሳየው ሞተሩ ጉድጓዱን እንደሚነካ ብቻ ነው። ካባው ከተከፈተ ወዲህ ጉድጓዱ በጠቅላላ ስንት ወረደ ለሚለው ያለን ባለሁለት ቋጠሮ ገመድ ነው። የተነሳው ስንዝር እንኳ ሙሉው አይደለም፤ ሞተሩ ሳምንት ቢያርፍ ከዚያ በላይ ይነሳ ነበር። የምዕራቡ ማዕድን ላይ እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ መግባት ካልፈለጉ፣ ቁፋሮ ሳይጀመር ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይለኩ። ይህን ደጋግሜ ስለነገርኳቸው ሰልችቷቸዋል።

ወረቀቱን አትመን ለካባው አለቃ ወሰድንለት። ረጅም ሰዓት አየው። "እሺ፣ ምን ላድርግ ታዲያ?" አለ። ክፉ ሰው አይመስለኝም። የሚስበው ውሃ ከንቱ ወደ ቦይ ከሚሄድ፣ በማጣሪያ ገንዳ አሳልፎ ለክሬሸሩ አቧራ ማብረጃ ያድርገው አልነው፣ ለእማማም ጉድጓዱን ያስጠልቅላቸው። "ለባለቤቱ እነግራለሁ" አለ። መንገሩን እናያለን።

ለእማማ ሜትርና ደብተር ተውንላቸው። የልጅ ልጃቸው ሰባተኛ ክፍል ናት፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ማንም ሳይቀዳ፣ ከቀይዋ ነጥብ ጀምራ ትለካለች። ደብተሩ ላይ ቀን፣ ሰዓት እና ሜትር የሚሉ ዓምዶች አሠመርን። የሰባተኛ ክፍሏ ልጅ አየት አድርጋ "ሞተሩ አለ ወይስ የለም የሚለውስ የት ይጻፋል?" አለች። አንድ ዓምድ ጨመርን። "ዝናብስ?" አለች። እሱንም ጨመርን።